የላኩኝ አሉ

ኃይለጊዮርጊስ ሚስቱን ሮማንን ያገባት በሌላ ሰው ስም ጠይቆ ነው። ሳቅ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ግን እውነት ነው፤ ሮማን ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስቅበት ኖራለች። አንድ ቀን አዲስ ከተማ ገበያው አጠገብ አስቁሟት «አንድ ሰው ይወድሻል» አላት። «ማነው?» ብትለው «ስሙን እንዳላወጣ አደራ ብሎኛል፤ እኔ የተላክሁ ነኝ» ብሎ ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣና ሄደ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሰውየው ጤነኛ እንደሆነ፣ እንደማይጠጣ፣ የእጅ ጽሕፈቱም ቆንጆ እንደሆነ ነገራት። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ እየተላከ ሲመላለስ ከረመና በሦስተኛው ወር ሮማን መረራት። «ለላከህ ሰው ንገረው» አለችው፤ «እሱን አልፈልግም። መልእክተኛውን ከሰጠኝ ግን እሺ ብላለች በለው።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር። ለሰው ሲናገር አንደበቱ ርቱዕ ነው፤ ለራሱ ሲሆን አፉ ይተሳሰራል። ከአብዮቱ በፊት ፍርድ ቤቱ በር ላይ፣ ዋርካ ሥር፣ ትንሽ ጠረጴዛ ዘርግቶ ራፖር ይጽፍ ነበር። አንዲት ባልቴት መጥታ መሬቷን እንደተነጠቀች ስትነግረው «እኔ አመልካች» ብሎ ይጀምርና እሷ ያላሰበችውን በደሏን ሁሉ አስታውሶ ሲጽፍላት ዓይኑ እንባ ያቀርራል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው «እኔ» ሲጽፍ ኖሮ የራሱን «እኔ» የት እንዳስቀመጠው ጠፋው። ይህን ያለችው ሮማን ናት፤ ከእኔ የተጨመረበት የለም። ቤቱ ውስጥ እንኳ «ራበኝ» ብሎ አያውቅም። «ሮማንዬ፣ ራት ደርሶ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አለ» ይላታል። እሷም «ደግሞ ዛሬ ማን ልኮህ ነው?» ትለዋለች፤ እንጀራውንም ታቀርብለታለች።

መንግሥት ሲለወጥ ሁሉም ነገር ማኅበር ሆነ። ጋሪ ነጂው ማኅበር፣ ሴቱ ማኅበር፣ ወጣቱ ማኅበር። ያኔ ከተማችን ስሟ አዋሳ ነበር። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ላይ ዓሣ የሚያጠምዱትም «ንጋት» የሚባል ስም ወጣላቸውና ማኅበር ሆኑ። ማኅበር ደግሞ ተጠሪ ያስፈልገዋል። ተጠሪ ማለት እንግዲህ መንግሥት ሲጠራ «አቤት» የሚል ሰው ነው። መረብ ሲያልቅ ቢሮ የሚሄደው እሱ፣ ስብሰባ ሲጠራ የሚቀመጠው እሱ፣ ባለሥልጣን የሚቆጣ ነገር ሲኖርም የሚቆጣው እሱን ነው።

የመጀመሪያውን ተጠሪ ስም አላነሣም፤ ልጆቹ እዚሁ አሉ። ሰውየው በማኅበሩ ስም እየገባ ለቤቱ ቆርቆሮ፣ ለወንድሙ ሥራ ሲያወጣ ከርሞ፣ አጥማጆቹ የመረብ ክር ቢጠይቁ «ድርሻችሁን ወስዳችኋል» ተባሉ። ያን ዕለት ሻሩት። ከዚያ «ያ የማይዋሸው ራፖር ጸሐፊ» ብለው ኃይለጊዮርጊስን ከዋርካው ሥር አመጡት። ሰውየው ዓሣ አጥምዶ አያውቅም፤ ጀልባ ላይ ወጥቶም አያውቅም፤ ውኃ ይፈራል። ጾም ሲገባ ደግሞ ዓሣ በአፉ አይዞርም። አንዱ ይህን ቢያነሣ፣ ኩማ የሚባለው ቁመተ ረጅም አጥማጅ ተነሣ። ኩማ ሲዳማ ነው፤ አማርኛው እንደ ቀዘፋ ነው፣ ጥቂት ቃል ብሎ ያርፋል። «ዓሣ እኛ እናወጣለን» አለና አረፈ። «እሱ ቃል ያውጣ።» በዚያው ጸደቀ።

ኃይለጊዮርጊስ መጀመሪያ የሠራው ሥራ ደንብ መጻፍ ነበር። ሃያ አንቀጽ ጻፈ፤ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ሁለቱን ብቻ ነው። አንደኛው፣ ከተጠሪው በስተቀር ማንም አባል በማኅበሩ ስም ቢሮ ሄዶ አይናገርም ይላል። ሁለተኛው፣ ተጠሪው የራሱን ወይም የቤተሰቡን ጉዳይ በማኅበሩ ስም አያቀርብም፣ የማኅበሩንም ማኅተም አያሳርፍበትም ይላል። ያቺን ሁለተኛዋን ሲያነብ ድምፁን ከፍ አደረገ። ኮርቶባት ነበር።

ማኅተሙን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይይዘዋል። ቢሮ ሲገባ ባርኔጣውን ያወልቅና ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጀምራል፤ «ጓድ፣ ለራሴ አልመጣሁም። የላኩኝ አሉ።» ጸሐፊዎቹ ሁሉ ይህቺን ቃል ስለለመዷት ገና በሩ ላይ ሲያዩት «የላኩህ እንዴት ናቸው?» ይሉታል። ሲመለስ ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለችው ሾላ ሥር አጥማጆቹን ሰብስቦ የተባለውን ቃል በቃል ይነግራቸዋል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። «ደደቦች» ተብለው ከሆነ እንኳ «ደደቦች ብለዋችኋል» ይላል፤ አጥማጆቹም ይስቃሉ።

ደንቡ ላይ ግን ቀልድ የለም። አንድ ክረምት ኩማ የመረብ ክር አልቆበት፣ ተጠሪው እስኪመለስ መጠበቅ አቅቶት፣ ራሱ ቢሮ ሄዶ ክር ጠየቀ። ኃይለጊዮርጊስ ሰማና አንቀጹን አንብቦ ኩማን አንድ ሳምንት ከጀልባ አሳገደው። ኩማ ዳር ቁጭ ብሎ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች የዓሣ አንጀት ሲሻሙ እያየ ሳምንቱን ጨረሰ። ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ የኩማ ልጆች የሚበሉትን ቆጮ እቤታቸው ድረስ ሲያደርስ የነበረው ማን መሰላችሁ? ኃይለጊዮርጊስ ነዋ። የኩማ ሚስት በር ስትከፍትለት ዓይኗን እንኳ ሳያይ «የላኩኝ አሉ» ብሎ አስቀምጦላት ይሄዳል።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት ነው ሐዘኑ የመጣው። ደምሴ የሚባል የኩማ የጀልባ ጓደኛ ነበር። አንድ ማለዳ ሁለቱ መረብ ሲያነሡ ጉማሬ ጀልባቸውን ገለበጠው። ኩማ ዋኝቶ ወጣ፤ ደምሴ አልወጣም። ሚስቱ ቀድማው ሞታ ነበርና ታቢታ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ ብቻዋን ቀረች። ኩማ ሊወስዳት ፈልጎ ነበር፤ ግን ሰባት ልጆቹን በአንዲት ክፍል የሚያስተኛ ሰው ነው። ለቅሶው እስኪወጣ ድረስ ሮማን «ሦስት ቀን እኔ ዘንድ ትደር» ብላ ልጅቷን አቅፋ ወሰደቻት።

ሮማንና ኃይለጊዮርጊስ ልጅ አልወለዱም። ሮማን ስለዚህ ነገር ማውራት ከተወች ቆይታለች፤ እሱም አንሥቶት አያውቅም። ሦስቱ ቀን ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ማንም መጥቶ «ልጅቷን መልሱ» አላለ። ታቢታ በሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ ኃይለጊዮርጊስን «ተጠሪ» ሲለው ስትሰማ ስሙ መሰላትና «ተጠሪዬ» ትለው ጀመር። ከቢሮ ሲመለስ ከታቦር መንገድ ማዶ አይታው «ተጠሪዬ መጣ!» ብላ ስትሮጥ፣ ያ ሲቆጡት ውሎ የመጣ ሰው ፊቱ ይፈታል።

ማዕድ ሲቀርብ ታቢታ አባቷ እንዳስተማራት ዓይኗን ጨፍና በራሷ ቃል ትጸልያለች። እነሱ አማትበው የሚጀምሩ ሰዎች ናቸው፤ ቢሆንም እጃቸውን ታጥበው ይጠብቋታል። ልጅቷ ደግሞ ለኩማ፣ ለጀልባው፣ ለጋሪው ፈረስ፣ ለጎረቤቱ ዶሮ ሳይቀር ስትጸልይ ወጡ ይቀዘቅዛል። ሮማን «በይ እንግዲህ» ልትል ስትቃጣ ኃይለጊዮርጊስ እጇን ይይዛታል። «ተያት» ይላታል፤ «ለሰው እየተናገረች ነው።» በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሦስት ዓመት አለፈ።

በሰባ ስድስት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ለማኅበሩ ደብዳቤ መጣ። የማኅበሩን ደብዳቤ የሚቀበለው ተጠሪው ነውና ኃይለጊዮርጊስ ፈርሞ ወሰደውና መንገድ ላይ ቆሞ አነበበው። በከተማው ያሉ፣ የታወቀ አሳዳጊ የሌላቸው ወላጅ አልባ ልጆች ተመዝግበው ሩቅ አገር ወዳለ ማሳደጊያ እንዲሄዱ ተወስኗል ይላል። የሟች አባል ልጅ ያለችበት ማኅበር፣ ልጅቷን ማን እንደሚያሳድጋት በማኅተም አረጋግጦ፣ ተጠሪውም በአካል ቀርቦ እስከ ኅዳር አሥራ አንድ ያስረዳ፤ ይህ ካልሆነ ልጅቷ በመኪና ትሄዳለች። ከሥሩ አንድ ስም አለ፤ ታቢታ ደምሴ።

ሦስት ጊዜ አነበበው። ማኅበሩ ካልተናገረ ልጅቷ ትወሰዳለች። ማኅበሩ የሚናገረው በእሱ አፍ ነው። እሱ ደግሞ ስለ ራሱ ቤት እንዳይናገር የከለከለ ደንብ አለ፤ ደንቡን የጻፈው እሱ ነው። ደብዳቤውን አጥፎ ከማኅተሙ ጋር ኪሱ ውስጥ ከተተው። በአምስት ዓመት ውስጥ ለማኅበሩ የመጣ ደብዳቤ ሾላው ሥር ሳይነበብ ሲቀር ያ የመጀመሪያው ነበር።

አንድ ሳምንት እንቅልፍ አጣ። ማታ ማታ ልጅቷ ፊደል ስትቆጥር ያያትና ፊቱን ያዞራል። ሮማን ነገሩን ያወቀችው ኮቱን ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ፊደል ቆጥራለችና ደብዳቤውን እያዘገመች እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሲመጣ ጠበቀችው። «ማኅተሙ ኪስህ ውስጥ፣ ደብዳቤው ኪስህ ውስጥ፣ ልጅቷ ጉያህ ውስጥ። ምን ቀረህ?» አለችው።

«ደንቡ» አላት።

«ደንቡን ማን ጻፈው?»

«እኔ ነኝ። ለሰው ሲሆን አጥብቄ ለራሴ ሲሆን ከፈታሁት፣ ያ የሻሩት ሰውዬ ምን አጠፋ? ኩማን ለክር ብዬ ከጀልባ ያሳገድሁ ሰው ነኝ፣ ሮማን።»

«እንግዲያው ሰብስባቸውና ንገራቸው። ይፍቀዱልህ።»

«እምቢ ሊሉኝ አይችሉም እኮ። እምቢ ማለት የማይችልን ሰው መለመን ማስገደድ ነው።»

«ልቀቀው ታዲያ! ተጠሪነቱ ይቅርብህ!»

«ለልጄ ስል ለቀቅሁ ማለት በጓሮ በር ዞሬ ገባሁ ማለት ነው» አላት። ሮማን ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ስትወደው ኖራለች፤ ያን ዕለት ግን አንገቱን ብታንቀው ደስ ባላት። እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን አንቀው ነበር። ነጠላዋን ደረበችና የት እንደምትሄድ ሳትነግረው ወጥታ ወደ አሞራ ገደል ወረደች።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር። ኩማ መልእክት ላከበት፤ አባላቱ ሾላው ሥር ይጠብቁሃል ተባለ። ስብሰባ የሚጠራው ሁልጊዜ እሱ ራሱ ነው፤ እሱ ተጠርቶ አያውቅም። ሲደርስ ሠላሳ ሰባቱም አባላት መጥተዋል፤ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፤ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው አጣ። ኩማ ብቻ ቆሟል።

«ጋሼ» አለና አረፈ። «ማኅተሙን ስጠን።»

ኃይለጊዮርጊስ ገባው። ገባኝ አለ እንጂ፣ ምኑም አልገባው። ደብዳቤ መደበቄን ሰምተዋል አለ በሆዱ፤ የማኅበሩን ደብዳቤ የቀበረ ተጠሪ መሻር ሲያንሰው ነው። ልናገር፣ ላስረዳ አላለም። አምስት ዓመት ሙሉ ለሠላሳ ሰባት ሰው ሲከራከር የኖረ ምላስ ለጌታው ሲሆን አንዲት ቃል አላወጣ አለ። ኪሱ ገብቶ መሐረቡን አወጣ፤ በሁለት እጁ ለኩማ ሰጠው። «ሁለት ጊዜ ቀለም ካስነካችሁት ይደፈርሳል፤ አንድ ጊዜ ይበቃዋል» አለ። ከዚያ ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ። የጀልባዎቹን አናጢ ሽማግሌውን ኑሪን እንባ ሲተናነቀው አይቶታል፤ ግን ያፈረበት መሰለው።

ታቢታ መንገድ ላይ አየችውና እንደ ልማዷ «ተጠሪዬ!» ብላ እየሮጠች መጣች።

«ከዛሬ ጀምሮ ተጠሪ አይደለሁም» አላት፤ ጎንበስ ብሎ።

ልጅቷ አሰበች። «እና ምን ልበልህ?» አለችው።

እጇን ይዞ እቤት አስገባት። ለሮማን ቢነግራት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየና የምታለቅስ መሰለው። ማልቀሷ እውነት ነው፤ ምን አስለቀሳት የሚለውን ነው ያላወቀው።

ቅዳሜና እሑድ አለፉ። እሑድ ማታ አንድ ነገር ወሰነ። ሰኞ ኅዳር አሥራ አንድ ነው፤ ያለ ማኅተምም፣ ያለ ማኅበሩ ደብዳቤም ሄዶ ደጃፉ ላይ ይለምናል። ደንቡ ተጠሪን እንጂ ተራ ሰውን አይከለክልም። ተራ ሰው ግን ማን ይሰማዋል? እሱ ራሱ ከማንም የበለጠ ያውቃል፤ ያለ ማኅተም መጥተው ኮሪደር ላይ የሚቀሩትን ሲያይ ኖሯል። ቢሆንም ይሄዳል። ሮማን ጠዋት ታቢታን አጠበቻት፣ ጸጉሯን ጎነጎነችላት፣ ቢጫ ሹራቧን አለበሰቻት። «ነገ ሚካኤል ነው» አለች፤ «ዛሬ ይዋልልን።» ሦስቱም ጋሪ ተሳፍረው ሄዱ።

የጽሕፈት ቤቱን ኮሪደር ገና ሳይገቡ የዓሣ ሽታ ተቀበላቸው። ዘበኛው አፍንጫውን ይዞ በር ላይ ይጨቃጨቃል። ሠላሳ ሰባቱም እዚያ ናቸው። ያላቸውን ደህና ልብስ ለብሰው፣ ግድግዳ ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። ያን ዕለት ሐይቁ ላይ አንድ ጀልባ አልወጣም። ኃይለጊዮርጊስ ሊከሱኝ መጡ ብሎ አሰበና በሩ ላይ ቆመ። ሮማን ክንዱን ይዛ አስገባችው።

ጓድ ገብረየስ የቢሮው ኃላፊ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የልጆቹ ዝርዝር ተዘርግቷል። የሚጎርፈውን ሰው ሲያይ እርሳሱን ጣለ። «ይህ ሁሉ ሰው ምንድነው? አንድ ሰው ይናገር። ተጠሪያችሁ ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኩማ።

ገብረየስ ወደ ኃይለጊዮርጊስ ዞረ። «እሱ አይደለም እንዴ?»

«ሽረነዋል።»

«ምን አጥፍቶ?»

«ምንም» አለ ኩማ። አረፈ። «ልጅ አሳድጎ።»

ኃይለጊዮርጊስ ቀና አለ። ኩማ ከደረት ኪሱ አንድ ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ከሩቅ ሲያየው ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፣ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። የሮማን ጽሕፈት ነው። ለአገሩ ሁሉ ሲጽፍ የኖረ ሰው የገዛ ሚስቱ የጻፈችለትን ማመልከቻ ያን ዕለት አየ። ዞሮ አያት፤ እሷ ፊት ለፊቷን ታያለች።

ኩማ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ዕድሜውን ሙሉ ቢሮ ውስጥ የተናገረው አንድ ጊዜ ነው፤ ለዚያም ተቀጥቶበታል። ግንባሩ አልቦታል።

«ጓድ» አለ። «ለራሴ አልመጣሁም። የላኩኝ አሉ።»

ገብረየስ ይህን ቃል ያውቀዋል፤ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መጣና ሄደ። «ማን ላከህ?»

«እነዚህ ልከውኛል።» አረፈ። «ደምሴም ልኮኛል።»

ኩማ ከታቢታ ላይ ዓይኑን አላነሣም።

«ጀልባው ሲገለበጥ ደምሴ እጄን ይዞኝ ነበር። ምንም አላለም። ግን ልጅ ያለው ሰው እጅህን ሲይዝህ የሚለው ይታወቃል። እኔ ያን ቃል ሦስት ዓመት ይዤ ኖርሁ። ልጅቷን መውሰድ ነበረብኝ፤ ቤቴ አልበቃኝም። ይህ ሰው ወሰዳት። ስትታመም አዝሏት ሐኪም ቤት ሲሮጥ አይተነዋል። ፊደል ሲያስቆጥራት አይተነዋል። በደምሴ ጸሎት ስትጸልይ እጁን ታጥቦ ሲጠብቃት ባለቤቱ ነግራናለች። ለእኛ ሁሉ ሲናገር ለራሱ መናገር ደንብ ይከለክለዋል። ስለዚህ ሻርነው፤ አሁን ተራ ሰው ነው፤ ስለ ተራ ሰው እኔ መናገር እችላለሁ። ልጅቷን ከእሱ አትውሰዱ። ይኸው ነው።»

ተቀመጠ። ሸሚዙ በላብ ርሷል። ኃይለጊዮርጊስ አሁን ገና ገባው፤ እንዳፈሩበት የመሰለው ያ የዓርብ ዝምታ ምን እንደነበረ ገባው። ኑሪ ለምን እንዳለቀሰ፣ ሮማን ለምን ፊቷን እንዳዞረች ሁሉ ገባው። ነግረውት ቢሆን «በጓሮ በር ነው» ብሎ እምቢ ይላቸው ነበር፤ ስለሚያውቁት አልነገሩትም።

ገብረየስ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበ። መነጽሩን አወለቀ። «አንተስ» አለው፤ «አንተ የምትለው አለ?»

ኃይለጊዮርጊስ ተነሣ። እጁ እንደ ልማዱ ወደ ውስጥ ኪሱ ሄደ፤ ኪሱ ባዶ ነው። አፉም እንደ ልማዱ ተከፈተ። «ጓድ፣ ለራሴ...» ብሎ ቆመ። ሮማን ከሃያ ዓመት በፊት ገበያው አጠገብ ያስቆማትን ያን ልጅ እግር አየች፤ እንደዚያው ጆሮው ቀልቷል።

«ዛሬ የላከኝ የለም» አለ። «ልጄ ናት።»

ገብረየስ ማስመሪያ አንሥቶ ከዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር በቀስታ ሰረዘ። ከዚያ አሳዳጊ በሚለው ቦታ ላይ የሁለቱን ስም ጻፈና ወረቀቱን ወደ ኩማ ገፋው። «ተጠሪው ማኅተሙን ያሳርፍ» አለ። ኩማ በሁለት እጁ አጥብቆ መታው፤ ማኅተሙን ገልብጦ ነበር የያዘው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኃይለጊዮርጊስ ራሱን ይስት ነበር። ያን ዕለት ግን እንደዚያች የተገለበጠች ማኅተም ያማረ ነገር በሕይወቱ አላየም።

ኮሪደሩ ላይ ኩማ መሐረቡን አወጣና ዘረጋለት። «ጋሼ፣ ሳምንት አግደኸኝ ነበር። እኔ ሦስት ቀን ነው ያገድሁህ» አለው።

«ድምፅ ሳይሰጥ አልቀበልም» አለ ኃይለጊዮርጊስ፤ እያለቀሰም ደንብ ነው። እዚያው ግድግዳ እንደተደገፉ ሠላሳ ሰባቱም እጃቸውን አወጡ። ታቢታም አወጣች። ዘበኛውም አፍንጫውን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው አወጣ።

ያን ማታ ኩማ ሁለት ትልልቅ ቆሮሶ ዓሣ ላከላቸው። ሮማን ወጥ ሠራችው፤ ማዕድ ቀረቡ። ታቢታ ዓይኗን ጨፈነች። የዚያን ዕለት ጸሎት የሚያልቅ አልሆነም። ሠላሳ ሰባቱን በየስማቸው ጠራች፣ መነጽር ያለውን ሰውዬ ጠራች፣ አፍንጫውን የያዘውን ዘበኛ ጠራች፣ ወደ ጋሪው ፈረስ ተሻገረች። ኃይለጊዮርጊስ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል። ከዓርብ ጀምሮ እህል በአፉ አልዞረም።

«ራበኝ» አለ።

ሮማን ማንኪያዋ እጇ ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው።

«ማን ልኮህ ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ማንም» አላት።

ታቢታ አንድ ዓይኗን ገለጠች። «እሺ ተጠሪዬ፣ የዶሮዋ ብቻ ነው የቀረኝ» አለችና መልሳ ጨፈነች። እነሱም ጠበቋት።